ከቆዳችን ቀጥሎ ያለው ልብስ፤ ሜሪኖ ሱፍ ለብሼ በበረዶ፣ በዝናብና በፀሐይ የተማርኩት

ወደ ኖርዌይ አዲስ የሚመጡ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ገና ጉዞ ሳይጀምሩ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛውን ጃኬት ልግዛ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ከ11 ዓመት በፊት ኦስሎ ስገባ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በላባ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ነበር። ዛሬ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ስለ ጃኬት ሳይሆን ስለ ካናቴራ ነው። ብርድ አገር የገባ ሰው፣ እንዲሁም በአገራችን ደጋ ተራሮች ላይ ለመጓዝ ያሰበ ሰው፣ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ቆዳውን የሚነካው ልብስ መሆኑን የተረዳሁት ተቸግሬ ስለሆነ፣ ሌላው እንደ እኔ ሳይቸገር እንዲያውቀው ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ የገባኝ በመጀመሪያዎቹ የበረዶ ወራት፣ በየካቲት አንድ ቅዳሜ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ከከተማው በስተሰሜን ባለው ኑርማርካ በተባለ ሰፊ ደን ውስጥ ለእግር ጉዞ ጋበዙኝ። በባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ሶግንስቫን ሐይቅ ድረስ ሄድንና ትኩስ መጠጥ ወደሚሸጥበት ኡለቮልሴተር ወደተባለ የደን ቤት የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ነበር። ከላይ ያን ወፍራም ጃኬት፣ ከሥሩ የጥጥ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር የጥጥ ካናቴራ፣ ከታችም የጥጥ ረጅም የውስጥ ሱሪ ለብሼ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳንጓዝ ላብ በጀርባዬ መውረድ ጀመረ። ጃኬቱን ብከፍት ብርድ ይመታኛል ብዬ ስለፈራሁ እስከ አንገቴ ድረስ ዘግቼው ዳገቱን ጨረስኩ። ከዚያ ወደኋላ የቀሩትን ለመጠበቅ ቆምን። ከዐሥር ደቂቃ ያልበለጠ ቆይታ ነበር፤ ነገር ግን የራሰው ካናቴራ ጀርባዬ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ብረት ተለጠፈ፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ጣቶቼም የጃኬቱን ዚፕ መያዝ አቃታቸው።

ከባልደረቦቼ አንዷ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት፣ ሁኔታዬን አይታ ወደ ደን ቤቱ አስገባችኝና ከቦርሳዋ አንድ ስስ ግራጫ ካናቴራ አውጥታ ሰጠችኝ። «ጃኬትህ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከሥሩ ያለው ነው። ያን የራሰውን ሁሉ አውልቅና ይህን ብቻ ልበስ» አለችኝ። ካናቴራው ታጥፎ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ነበርና ያሞቀኛል ብዬ አላመንኩም። ሆኖም እሱንና ጃኬቱን ብቻ ለብሼ ያንኑ መንገድ ስመለስ ብርዱ ያው ሆኖ ሳለ መንቀጥቀጡ አልተመለሰም። ያ ልብስ የሜሪኖ ሱፍ፣ ማለትም ሜሪኖ ከተባለ የበግ ዘር ጠጉር የተሠራ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነ በኋላ እያነበብኩና እየሞከርኩ ተረዳሁ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የራሰ ልብስ ከቆዳ ጋር ሲጣበቅ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ወደ ውጭ ያወጣል። ውሃው ሲተን ደግሞ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከዚያው ከሰውነታችን ነው። ጥጥ ላብን በፍጥነት ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ግን ክሩ ይለሰልስና ይተኛል፣ በክሮቹ መካከል የነበረው አየር በውሃ ይተካል፣ ልብሱም ቆዳ ላይ ይለጠፋል። እንደ ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ክር በተቃራኒው ውሃ ወደ ውስጡ አያስገባም ማለት ይቻላል፤ ቶሎ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ሱፍ ከሁለቱም ይለያል። የሱፍ ክር የውጭ ሽፋኑ ጠብታን የሚገፋ ሲሆን ውስጡ ግን እንፋሎትን ይቀበላል፤ ከክብደቱ ሢሶ የሚሆን እርጥበት በውስጡ ይዞ እንኳ ሲዳስሱት ደረቅ ይመስላል። ከዚህም በላይ እርጥበቱን ወደ ውስጡ ሲያስገባ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። የሱፍ ክር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲረጥብም አይተኛም፤ በጥምዝምዞቹ መካከል አየር ይዞ ይቆያል። ሰውን የሚያሞቀው ያ የተያዘ አየር ነው። ባልደረባዬ በመዳፍ የሚያዝ ልብስ ሰጥታኝ ያሞቀኝም፣ ከዳገቱ የቀረው ላቤ ቆዳዬ ላይ ውሃ ሆኖ ከመቆየት ይልቅ በእንፋሎትነቱ ወደ ክሩ ስለገባ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባኛል። በእኛ አገር «ሱፍ ለበሰ» ሲባል ሙሉ ልብስ ከክራባት ጋር ለሠርግ ወይም ለቢሮ የለበሰ ሰው እንጂ ተራራ የሚወጣ ሰው አይታሰበንም። የበግ ጠጉር ግን ለደጋው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው። አያቴ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ነበራቸው። ጠጉሩን ሴቶች ፈትለውት፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ውርጭም ሆነ ካፊያ ሲመጣ እሱን ደርበው ወደ ከብቶቻቸው ይወጡ ነበር። ልጅ ሆኜ ከእሳት ዳር ሲቀመጡ ከበርኖሱ ላይ የሚነሣውን እንፋሎትና የረጠበ በግ ሽታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ልብሱ ከውጭ ዝናብ ያቆረ ሆኖ ሳለ ከሥሩ እጄን ስከት ደረቅና ሞቃት ነበር። ኑርማርካ ውስጥ የተደረገልኝ ነገር አያቴ ያውቁት የነበረ ነገር መሆኑን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ታዲያ የአያቴ በርኖስና የሜሪኖ ካናቴራ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ውፍረት ነው። የክር ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ሲሆን 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ የሱፍ ክር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፤ ይወጋል፤ የምናውቀው መኮስኮስና ማሳከክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ በርኖስም ሆነ ባና የሚደረበው ከላይ ነው፤ ራቁት ገላ ላይ አይለበስም። ለውስጥ ልብስ የሚሆነው የሜሪኖ ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ይወፍራል። ይህን ያህል የቀጠነ ክር ቆዳ ሲነካ ይታጠፋል። ሜሪኖ የበግ ዘር ስም ነው፤ ስፔኖች ለረጅም ዘመን ከአገራቸው እንዳይወጣ ከልክለው ያቆዩት፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ሌሎች አገሮች የተሰራጨ፣ እ.ኤ.አ. በ1797 አውስትራሊያ የገባና ዛሬ በብዛት የሚረባው በዚያው በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ የሆነ በግ ነው። «ሱፍ አይስማማኝም፤ ያሳክከኛል» የሚሉ ወገኖቼ ብዙ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ግን ወፍራም ሹራብ እንጂ ሜሪኖ ለብሰው አያውቁም። ጥቂት ሰዎች ቆዳቸው እጅግ ስሱ ሆኖ 19 ማይክሮን እንኳ ሊሰማቸው ይችላል፤ ለእነሱ ከ17.5 በታች የሆነውን እንዲፈልጉ እመክራለሁ።

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ገባ። መፀው እንደገባ አስተማሪዋ የልብስ ዝርዝር ሰጠችን፤ ከሁሉ በላይ የተጻፈው «ከውስጥ ሱፍ» የሚል ነበር። በዚህ አገር ሕፃናት ዝናብም ሆነ በረዶ ሳይሉ በየቀኑ ውጭ ይጫወታሉ፤ ቀን ቀን በጋሪያቸው ውስጥ ሆነው ደጅ ይተኛሉ። እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያ ደነገጥን። እኛ ልጅን ከብርድ መጠበቅ የምናውቀው በማልበስ ብዛት ነውና ሁለት ካናቴራ፣ ሁለት ሹራብና ወፍራም ቱታ አልብሰን ላክነው። ማታ ስንቀበለው አንገቱ በላብ የራሰ፣ እጁና እግሩ የቀዘቀዘ ነበር። አስተማሪዋ በትሕትና ያስረዳችን ነገር ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማል፦ የልጁን እጅ ሳይሆን ከአንገቱ ጀርባ ወደ ትከሻው ገባ አድርጋችሁ ዳስሱት፤ እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ አንሶታል፣ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የሜሪኖ ካናቴራ፣ አንድ የሜሪኖ የውስጥ ሱሪ፣ ከላዩ አንድ ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ቱታ ሆነ። ልብሱ ቀለለ፤ ልጁም እንደ ልቡ መሮጥ ቻለ። የጓንቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍነውም፤ በየሳምንቱ አንድ ይጠፋል።

ስለ ሜሪኖ የሚነገረው «ለሁሉም የአየር ሁኔታ ይሆናል» የሚለው አባባል እውነት መሆኑን የፈተንኩት ግን በአገሬ ነው። የ2012 ዓ.ም. መስቀልን ከቤተሰቤ ጋር አክብሬ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ሄድኩ። ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ አድርገን ቧሂት እስከ መውጣት አምስት ቀን ቆየን። የስሜን አየር የልብስ ዋነኛ ፈተና ነው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቧሂት ከ4,400 ሜትር ይበልጣል። ቀትር ላይ ፀሐዩ አንገት ይልጣል፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ቅዝቃዜው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። የክረምቱ ዝናብም መስከረም መጨረሻ ላይ ፈጽሞ አልወጣም። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት ልብስ የሚያስፈልግ ይመስላል።

የያዝኩት ልብስ ይህ ነበር፦ በካሬ ሜትር 150 ግራም የሚመዝን ስስ ባለረጅም እጅጌ የሜሪኖ ካናቴራ፣ ለሌሊት የሚሆን 250 ግራም የሆነ ወፈር ያለ ሌላ አንድ፣ አንድ የሜሪኖ የውስጥ ሱሪ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ ስስ ኮፍያ፣ የዝናብ ጃኬት፣ እናቴ የሰጠችኝ ጋቢና ተራ የጉዞ ሱሪ። ጓደኛዬ የያዘው ፖሊስተር የስፖርት ቲሸርቶችና የጥጥ ሹራብ ነበር። እኔ ስሱን ካናቴራ ለአምስት ቀን ሳልቀይር ለበስኩት። በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ ከብዶኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ ሆኖም ሱፍ ለብሼ አልተቃጠልኩም፤ ላቤ ወደ ክሩ እየገባ ይተን ነበርና ትንሽ ንፋስ ሲነካኝ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ይሰማኝ ነበር። ረጅሙ እጅጌና አንገቴን የሚሸፍነው ኮሌታ ከፀሐዩ ጠበቁኝ። የጓደኛዬ ክንዶች ግን በሁለተኛው ቀን ቀልተው ሌሊት ያቃጥሉት ነበር።

ትልቁ ፈተና ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ በተጓዝንበት ቀን ደረሰ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ገደሉና ቆላው ተዘርግቶ የሚታይበት አፋፍ ነው። ጠዋት ጭላዶቹ ሣር ሲነጩ እያየን፣ በጅብራው መካከል ቀስ ብለን ተጓዝን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተጠቀለለ ወጣ፤ መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ ዝናብ ለአንድ ሰዓት ያህል ወረደብን። የዝናብ ጃኬቴ በትከሻው በኩል፣ የቦርሳው ማንገቻ ከሚጫነው ቦታ ላይ አስገባ። ካናቴራዬ ትከሻውና እጅጌው ረጠበ። መርጠቡን አውቀዋለሁ፤ ቆዳዬ ላይ ግን ያ የኑርማርካው የቀዘቀዘ ብረት አልነበረም። እየተራመድኩ እስካለሁ ድረስ ሞቆኝ ነበር፤ ስንቆምም አልተንቀጠቀጥኩም። ጓደኛዬ ደግሞ ከዝናቡ መጠጊያ እንዳገኘን ያን የጥጥ ሹራብ ከፖሊስተሩ ላይ ደረበ፤ ሹራቡ ከቦርሳው ውስጥ ረጥቦ ስለነበር ይብሱን አቀዘቀዘው። በመጨረሻ ተርፎ የነበረውን ወፍራሙን ሜሪኖዬን ሰጠሁትና ሌሊቱን እሱ ለብሶት አደረ።

እኔ ያን ሌሊት ያደርኩት እርጥቡን ስስ ካናቴራ እንደለበስኩ፣ ከላዩ ጋቢዬን ደርቤ ነው። ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ደርቆ ስለቆየ እንደ ቤቴ አሞቀኝ። ይህን ሆን ብዬ አነሣለሁ፤ ጥጥን የማንቋሸሽ ሐሳብ የለኝም። ደረቅ ጋቢ፣ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥና ሲተኛ፣ በአራቱ ድርብ መካከል በሚይዘው አየር የተነሣ ከብዙ ውድ ልብሶች ይሻላል። ጥጥ የሚከዳው ሲረጥብና ከገላ ጋር ሲጣበቅ ነው። ስለዚህ ጋቢውን ከላይ ለዕረፍት፣ ሜሪኖውን ከውስጥ ለጉዞ ማድረግ ለአገራችን ደጋ የሚስማማ አለባበስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማታ በማብሰያው ጎጆ እሳት ስንሞቅ፣ በቅሏቸውን ይዘው የተከተሉን አዛውንት የካናቴራዬን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት። «ልጄ፣ ይኼ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው ብርዱን የመለሰልህ?» አሉኝ። «የበግ ጠጉር ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው እሳቱን ቆሰቆሱና፣ የእሳቸው አባት በርኖስ ለብሰው እንደኖሩ፣ አሁን ግን ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ ብርድ ልብስ እንደሆነ፣ እሱም እሳት ሲነካው እንደ ሰም እንደሚቀልጥ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ፖሊስተር በእሳት ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም፣ አይቀልጥምም፤ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይጠቁርና ይጠፋል። እሳት ዳር ለሚያመሽ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሽታው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አምስት ቀን የተለበሰ ልብስ ምንም አልሸተተም ብል አጋነንኩ ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ከድንኳኑ ውጭ አንጠልጥዬ ወይም ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ አናፍሼ ስለብሰው በመጠኑ ይታደስ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ስንመለስ በመኪና ውስጥ ከሰው አጠገብ ለመቀመጥ አላፈርኩም። የጓደኛዬ ፖሊስተር በሁለተኛው ቀን ማታ ይከረፋ ነበር። ሱፍ የላብን ሽታ ያላቸውን ነገሮች ከእርጥበቱ ጋር ወደ ክሩ ውስጥ ወስዶ ይይዛቸዋል፤ ሲታጠብ ይለቃቸዋል። ፖሊስተር ቅባቱን በላዩ ስለሚይዝ ለባክቴሪያ ይመቻል። የረጅም መንገድ ተጓዥ ይህን ሲያውቅ የሚሸከመው ልብስ በግማሽ ይቀንሳል። ካልሲውም እንዲሁ ነው፤ በአምስት ቀን ዳገትና ቁልቁለት እግሬ አንድ ቦታ ብቻ ውሃ ቋጠረ፣ እሱም ሁለቱን ጥንድ አፈራርቄ ሳልለብስ በቀረሁበት ቀን ነው።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ ጓደኛዬ በአንድ ነገር በልጦኛል። በማግሥቱ ጠዋት የእሱ ፖሊስተር ከድንኳኑ ገመድ ላይ ደርቆ ሲጠብቀው የእኔ እጅጌ ገና እርጥብ ነበር። ሜሪኖ ከፖሊስተር ዘግይቶ ይደርቃል። ስለዚህ ላቡ እንደ ውሃ ለሚወርድ ሯጭ፣ ወይም በሞቃትና እርጥብ ቆላ ለሚሠራ ሰው ስስ ፖሊስተር ወይም ከሁለቱ የተቀላቀለ ልብስ ይሻለው ይሆናል። እኔ ራሴ በበጋ ስሮጥ ሜሪኖ አልለብስም። በእግር ለመጓዝ፣ ለበረዶ መንሸራተቻ፣ ውጭ ቆሞ ለመሥራት፣ ለዓሣ ማጥመድና ልጅ ይዞ መናፈሻ ለመዋል ግን ሌላ አልመርጥም።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህ ነው። የልብሱ ውፍረት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ብዙ ጊዜ መለያው ላይ ይጻፋል። 150 ገደማ ለሙቀትና ለብዙ እንቅስቃሴ፣ 200 ገደማ ለአብዛኛው ጊዜ፣ 250ና ከዚያ በላይ ለከባድ ብርድና ለዝቅተኛ እንቅስቃሴ ይሆናል። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው 200ውን ይግዛ። ከፊት ለፊት ትልቅ ፊደል የተጻፈውን ሳይሆን ከጎን በኩል በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ያለውን መቶኛ ያንብብ፤ «ሜሪኖ» ተብሎ ተሽጦ ውስጡ አብዛኛው አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር የሆነ ልብስ ገዝቼ አውቃለሁ። ጥቂት ናይለን የተቀላቀለበት ግን አይናቅ፤ በተለይ ካልሲ ላይ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ልኩ ገላ የሚነካ፣ ግን የማያጨናንቅ መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ላቡን ከቆዳ አይወስድም። ዋጋው ከባድ ነው፤ እኔ ባለሁበት ከተማ ደህና ካናቴራ በመደበኛ ዋጋው ከ600 የኖርዌይ ክሮነር በላይ ሲሆን፣ ይህ ለአዲስ መጪ ቤተሰብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫዎች ውስጥም የልጆች የሱፍ ልብስ በጣም ርካሽ ነው፣ ልጅ ሳያረጀው ያድግበታልና። ለጃኬት የመደባችሁትን ገንዘብ ከፍላችሁ ሢሶውን ለውስጥ ልብስ አድርጉት። ለእንስሳት የሚቆረቆር ሰው ደግሞ በጎቹ ከጅራታቸው ሥር ቆዳቸው የሚቆረጥበት፣ ሙልሲንግ የሚባል አሠራር በአውስትራሊያ መኖሩን ማወቅ አለበት፤ ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክላዋለች፤ ብዙ አምራቾችም ከዚህ አሠራር ነፃ መሆናቸውን በመለያው ላይ ይገልጻሉ። እኔ ይህን ሳላይ አልገዛም።

እጥበቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ባለቤቴ ለልደቴ የሰጠችኝን የሱፍ ሹራብ ከፎጣዎች ጋር በ60 ዲግሪ አጠብኩትና ገብቶ፣ ጠጥሮ፣ ለልጄ እንኳ የሚጠብ ሆኖ ወጣ። የሱፍ ክር ቅርፊት አለው፤ ሙቀት፣ ውሃና መፋተግ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይቆላለፉና ተመልሰው አይፈቱም። አሁን የማደርገው በ30 ዲግሪ በሱፍ ማጠቢያው ፕሮግራም፣ ለሱፍ በተዘጋጀ ሳሙና ማጠብ ነው። ተራው የዱቄት ሳሙና ብዙ ጊዜ ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለበት፤ ሱፍ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ሳሙናው ቀስ በቀስ ይበላዋል። የልብስ ማለስለሻና በረኪና ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም። በእጅ የሚያጥብ ሰው ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሳያሽ ጫን ጫን እያደረገ አጥቦ፣ ሳይጠመዝዝ በፎጣ ጠቅልሎ ውሃውን ያውጣና አግድም ዘርግቶ ጥላ ላይ ያድርቀው። ሁልጊዜ ማጠብም አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማናፈስ ይበቃዋል።

ሌላው ጠላት ብል ነው። ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ ነውና በበጋ ከማስቀመጣችን በፊት አጥበን አድርቀን በደንብ በሚዘጋ ከረጢት እናስቀምጠዋለን። አንድ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ቀዳዳ ያየሁ እንደሆነ ያለኝን ሱፍ ሁሉ በላስቲክ አድርጌ ለሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አኖረዋለሁ። ስሱ ሜሪኖ በቦርሳ ማንገቻና በቀበቶ ሥርም ይሳሳል፤ የስሜኑ ካናቴራዬ በቀኝ ትከሻው ላይ ሁለት ቦታ ጥፌዋለሁ፤ ቀዳዳው ትንሽ ሳለ በሱፍ ክር ከተጣፈ ለብዙ ዓመት ይሄዳል።

በመጪው ጥር የእህቴ ልጅ ለትምህርት ከደብረ ብርሃን ትሮንሃይም ወደተባለች የኖርዌይ ከተማ ይመጣል። እሱም ስለ ጃኬት ጠይቆኛል። ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሄደ ወዳጄ እጅ አንድ ባለ 200 ግራም ካናቴራ፣ አንድ የውስጥ ሱሪና ሁለት ጥንድ ካልሲ ልኬለታለሁ። በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳው እንዲይዘውና አውሮፕላኑ ኦስሎ ከማረፉ በፊት እንዲለብሰው ነግሬዋለሁ፤ ጃኬቱን እዚህ ሲደርስ አብረን ሄደን እንመርጣለን።